አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት

የካቲት 7፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የልቤ ድምፅ እስከ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ድረስ ይሰማ ነበር።

የምትለካው እህቴ ቲና ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ በሦስት ታንሳለች። ፍሪጁን ከሶኬት ትነቅላለች፣ መስኮቱን ትዘጋለች፣ የአባባን ሜትር ጫፍ ደረቴ ላይ ታስይዘኛለች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ አፌን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ አፍ ሲከፈት ድምፁ ይጎላል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ትራመዳለች። ድምፁ ሲጠፋባት ትቆምና ቁጥሩን ታነብልኛለች። ሦስት ጊዜ እንለካለን፤ መካከለኛውን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አባባ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠራተኛ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር አያምንም፤ እኔም ከእሱ የወሰድኩት ይህንኑ ነው።

«አፍሽን ክፈቺ እንጂ፣ ምስጢር!»

«ከዚህ በላይ አይከፈትም።»

«ለምግብ ሲሆን ይከፈታል። እሺ… ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አንቺን ግን ፈተና ክፍል እንዴት ነው የሚያስገቡሽ?»

«ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«መቶ ስልሳ ሁለት። የግድግዳ ሰዓት!»

ድምፁ የሚመጣው ከልቤ በር ነው። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን ደጋግሞ ያመኝ ነበር፤ ሕመሙ ወደ ልቤ ወርዶ በግራ በኩል ካሉት በሮች አንዱን አበላሸው። መስከረም ላይ ደረቴን ከፍተው አወጡትና ሰው ሠራሽ በር ተከሉልኝ። በተዘጋ ቁጥር ቀጭ ይላል። ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት አባባ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «እኔ ብሆን ጎማ አስገባበት ነበር፤ እንዲህ አይንኳኳም» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በዚያ ቅዳሜ ደብተሬ ላይ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ። ክብደቴ አርባ ስድስት ኪሎ። የምንኖረው ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሃምሳ አራት ነው፣ አንዴም ሳልቆም ወጥቼዋለሁ። ሁልጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ዋርፋሪን እውጣለሁ፤ ደሜ በሩ ላይ እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ነው። መሥራት አለመሥራቱን በየወሩ ደም ሰጥቼ አያለሁ። ውጤቱ ከሁለት ነጥብ አምስት እስከ ሦስት ነጥብ አምስት መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ደሜ ይረጋል፤ ከዚያ ካለፈ እደማለሁ። የካቲት 4 የሰጠሁት ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነበር።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አምስት መስመር አለ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሜ ዶክተር ገዲሴ እየነገሩኝ በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው። ሦስተኛው «ምግብ እንደ ወትሮው፤ አትለዋውጪ» ይላል። አራተኛው «ድምፁ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ በዚያኑ ቀን ነይ» ይላል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ሁዳዴ ገባ።

ልጹም ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አልጋዬ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፋ፣ የኮሪደሩን መብራቶች እየቆጠርኩ፣ «ከወጣሁ ሁዳዴን እጾማለሁ» ብዬ ለመካኒሳ አቦ ተስዬ ነበር። የነቢያትን ጾም የነፍስ አባታችን ስለከለከሉኝ ሌላው ሰው ሲጾም እኔ እንቁላልና ወተት ስበላ ከረምኩ። ለሁዳዴ ግን «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ» ብለው ፈቀዱልኝ። እማዬ ደስ አላት፤ ፈራችም። «ደሟ እንዳያልቅብኝ» እያለች ስትጨነቅ፣ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ማሚቴ መላ አመጡላት።

«ጎመን ነዋ፣ ተሾመች! ጎመን ደም ነው። ውኃውንም እንዳትደፊው፣ አጠጫት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬም እራቴም ላይ ጎመን ነበረ። የተቀቀለበትን ውኃ እማዬ አጥልላ በብርጭቆ ትሰጠኝ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ለብ ያለ፣ ትንሽ ጨው ጣል የተደረገበት። እስክጨርሰው ከፊቴ አትሄድም።

«ላሟ!» ትለኛለች ቲና። «እስቲ እምቧ በይ።»

የካቲት 14 ቁጥሩ መቶ ሃምሳ ስምንት ሆነ። ከታች ሰው ምንጣፍ እያራገፈ ነበርና የእሱ ድምፅ ረብሾን ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የካቲት 21 መቶ ሠላሳ ሆነ። ያን ቀን ምንጣፍ የሚያራግፍ አልነበረም። ሦስቱም ልኬት ከመቶ ሃያ ሰባት እስከ መቶ ሠላሳ ሁለት ነበሩ፤ ስህተት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይቀራረቡም። ቁጥሩን ጻፍኩና ደብተሩን ቶሎ ከደንኩት። የመጀመሪያውን ገጽ ላለማየት ከመሃል ነበር የከፈትኩት።

በዚያው ቀን ማታ እራት ላይ እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ ሳለ እጇን ከትሪው አነሳች።

«ዝም አለ እኮ!» አለች።

«ምኑ?» አለ አባባ።

«ልቧ! መኩሪያ፣ ስማ እስቲ። አይንኳኳም።» መዳፏን ደረቴ ላይ አደረገች። «ሥጋ ለበሰ። አቦዬ፣ ሥጋ አለበስክልኝ!»

እማዬ ለብቻዋ ጥላ ተስላ ኖሯል፤ ልጄ ሙሉ በሙሉ ከዳነችልኝ ብላ። አሁን ዳነች ማለት ነው። አባባ አየኝ። እኔ ጎመኔን እያየሁ ፈገግ አልኩ። አምኜያት ነበር ማለት አልችልም፤ ግን አላስተባበልኩም። በሚቀጥለው ቀን እትዬ ማሚቴ ሰምተው እልል አሉ፤ እስከ ማታ ብሎካችን በሙሉ ሰማ።

ለምን ዝም እንዳልኩ መናገር አለብኝ። ሆስፒታል ሳለሁ ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ሲሃም የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እሷም እንደኔ ሰው ሠራሽ በር ነበራት፤ ደም ረግቶበት ሊቀየርላት ነበር የመጣችው። «ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይለያል» አለችኝ ፀጉሬን እየጎነጎነች፤ «የመጀመሪያውን ሳታውቂው ነው የምትገቢው።» ማክሰኞ ጠዋት ወሰዷት። ረቡዕ ፍራሿን አጥፈው አልጋው ራስጌ ላይ አስቀመጡት። ስጠይቅ ነርሷ የትራስ ልብሴን ቀየረችልኝ፤ ገና ጠዋት የተቀየረ ነበር።

የደረት አጥንት ሲገጥም ምን ያህል እንደሚያም አውቃለሁ። ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ገብቶ መጮህ አለመቻልን አውቃለሁ። አሁን ብገባ እያወቅሁ ነው የምገባው።

የካቲት 28 ቲና ለካችና «መቶ ስልሳ!» አለች።

ሦስቱንም ጊዜ መቶ ስልሳ። እስከዚያ ድረስ ሦስት ልኬት አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ደግሞም እኔ ራሴ ትራሴ ላይ ጆሮዬን ስጥል ድምፁን መስማት ካቆምኩ አራት ቀን ሆኖኛል።

«ባለሽበት ቁሚ» አልኳት። እርሳስ ሰጠኋት። «ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ድምፁን በሰማሽ ቁጥር ጠረጴዛውን መታ አድርጊ። ለአንድ ደቂቃ።»

ስልኬ የእሷን ምት ይቀዳል። እኔ የእጄን የደም ሥር ይዤ በውስጤ እቆጥራለሁ። ደቂቃው ሲሞላ የተቀዳውን አጫወትኩና ቆጠርኩ።

«ቲና።»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ!»

«ስልሳ አንድ ጊዜ መታሽ። ልቤ ዘጠና ስምንት ጊዜ ነው የመታው።»

እርሳሱን አስቀመጠች።

«ባለፈው መቶ ሠላሳ ስልሽ ፊትሽን አይቼዋለሁ» አለች። «ዛሬ ከዚያ የባሰ ልነግርሽ አልቻልኩም።»

«ስንት ነው?»

ሜትሩን እየሰበሰበች ቀረበችኝ። አንድ ሜትር ላይ አልቆመችም። ሃምሳ ላይ አልቆመችም። ትንፋሿ አገጬን ሲነካኝ፣ ጆሮዋ ደረቴ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመች። ሁለታችንም ቁጥሩን ወደ ታች አየን። አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር።

«ለማንም አትንገሪ» አልኳት።

«እስከ መቼ?»

«የአቦ በዓል እስኪያልፍ። እማዬ ጥላውን ታስገባ።»

«ምስጢር፣ እኔ ፈራሁ።»

«ዝም በይ ብዬሻለሁ።» ድምፄን እንዲህ ከፍ አድርጌባት አላውቅም። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሽ አጠረኝ።

ሳምንቱን ደረጃው ላይ ቆጠርኩት። ሰኞ ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ቆሜ አረፍኩ። ረቡዕ ሃያ አራተኛው ላይ። ሐሙስ አሥራ ስምንተኛው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሲመጣ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መሰልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም። አርብ፣ መጋቢት 4፣ ብስራተ ገብርኤል ያለው ላቦራቶሪ ሄጄ ደም የምሰጥበት ቀን ነበር። ጠዋት እማዬ ቦርሳዋን አንስታ ስትጠብቀኝ፣ «ነገ በዓል ነው፤ ብዙ ሥራ አለብሽ፤ ሰኞ እንሂድ» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ለእሷ ያሰብኩላት መስሏት ነው።

ክኒኑን አንድም ቀን አልዘለልኩም። ደብተሬ ላይ በየቀኑ ራይት አለ። ይህን እያየሁ ራሴን አጽናና ነበር፤ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰድኩ ደሜ ሊረጋ አይችልም እያልኩ። አንድ ነገር ሲጎድል ግን አውቃለሁ፤ ቁጥሮቹ አልገጠሙም።

መጋቢት 5 ዓመታዊው የአቦ በዓል ነው። መካኒሳ ከታክሲ ስንወርድ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ለብሷል። አባባ ጥላውን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ትከሻው ላይ አጋድሞ ይዞታል፤ ቀይ ከፋይ ሆኖ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ አለው። እማዬ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ቲና ክንዴን ይዛኛለች፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ቀልድ አልወጣትም።

ከታክሲው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር መቶ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው። አርባ ላይ ቆምኩ። ስልሳ አምስት ላይ እንደገና ቆምኩ። ሰባ ስምንት ላይ ትንፋሹ አልመለስ አለኝ፤ አየሩ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣና ከዚያ አይወርድም። ሳል መጣብኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ሳነሳው ሮዝ አረፋ ነበረበት። የጣቴን ጥፍር አየሁ፤ ሰማያዊ ሆኗል።

እማዬ ዞራ አየችን። «ምነው ቆማችሁ? ስለት የሚቀበሉት ጋ ሰው ሳይበዛ!»

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አስቤያለሁ። የመጀመሪያው የሲሃም ፍራሽ ነው። ሁለተኛው፣ ሲሃም ቢያንስ ሆስፒታል ውስጥ ነበረች፤ እኔ ግን በገዛ ምላሴ እዚህ መንገድ ላይ ልወድቅ ነው።

«እማዬ፣ አልዳንኩም» አልኩ።

«ምን?»

«ዝም ያለው ስለዳንኩ አይደለም። በሩ እየተያዘ ነው። ዶክተር ገዲሴ ነግረውኛል። ጽፌዋለሁ። ሳምንት ሙሉ አውቄ ነበር።»

«አሥራ ሁለት ሳንቲ ነው ያለው!» አለች ቲና እየጮኸች። «አሥራ ሁለት ብቻ!»

እማዬ እኔንም ጥላውንም አየች። አባባ ግን ነጠላዬን ነበር የሚያየው። ጥላውን ለቲና ሰጣትና ተሸከመኝ፤ የሕዝቡን ጎርፍ በትከሻው እየገፋ ወደመጣንበት ተመለሰ። አልተቆጣኝም። ታክሲ ውስጥ ጆሮውን ደረቴ ላይ አድርጎ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አላነሳውም።

ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ፤ ደም ቀዱ። ዶክተር ገዲሴ በልብ አልትራሳውንድ ደረቴን አዩ። በሩ ሁለት ክንፍ አለው። ስክሪኑ ላይ አንዱ ክንፍ ሲንቀሳቀስ ሌላው ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«ማጠፊያው ላይ ነው የያዘው» አለ አባባ ቀስ ብሎ።

ዶክተሯ ዞረው አዩት። «አዎ። በትክክል እዚያ ነው።»

የደም ውጤቱ መጣ። አንድ ነጥብ ሁለት።

«ክኒኑን አቁመሻል?» አሉኝ።

ደብተሩን ሰጠኋቸው። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ፤ ራይቶቹን አዩ፤ ከዚያ ርቀቶቹን። መቶ ስልሳ ሁለት፣ መቶ ሃምሳ ስምንት፣ መቶ ሠላሳ፣ አሥራ ሁለት። ከአሥራ ሁለቱ ላይ ዓይናቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሱም።

«ምንድን ነው የምትበላው ሰሞኑን?»

«ጥሩ ነው የምትበላው፣ ዶክተር» አለች እማዬ። «ጾም ቢሆንም አላስራብኳትም። ጎመን በቀን ሁለቴ አበላታለሁ፤ ውኃውንም አጠጣታለሁ፣ ደም እንዲሆናት።»

ዶክተር ገዲሴ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ስትወጣ ጎመን በሳምንት ስንት ጊዜ ትበላለች ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ያስታውሳሉ?»

«እሁድ እሁድ አልኩዎት። ጎመን በሥጋ።»

«እኔም እንደዚያው ይቀጥል አልኩ። የክኒኑን መጠን ያስተካከልነው በዚያ ነው። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል፣ እናት። ትንሽ ከሆነና ካልተለዋወጠ ችግር የለውም። በቀን ሁለቴ ከነውኃው ከሆነ ግን ክኒኑን እንዳልዋጠችው ነው የሚቆጠረው።» ደብተሩን ከደኑት። «ሁዳዴ ሲገባ ምን ትበላለች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።»

እማዬ እጆቿን ገልብጣ መዳፏን አየች። «በእነዚህ ነው?» አለች።

ሁለት መንገድ ነበር፤ አንዱ ደረቴን እንደገና መክፈት፣ ሌላው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ቀስ ብሎ በደም ሥር መስጠት። ዶክተሯ ሁለተኛውን መረጡ። ሲሟሟ ግን ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል አሉን።

«ከስንት ሰው ስንቱ?» አልኳቸው።

«ምስጢር…» አለች እማዬ።

«ቁጥሩን ልወቀው።»

«ከሃያው አንዱ ገደማ» አሉ።

ቤታችን ያለበት ብሎክ ሃያ ቤት አለው። አንዱን በር መምረጥ ጀመርኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

መድኃኒቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከፈተ። ዶክተሯ በየግማሽ ሰዓቱ እየመጡ ያንኑ ሦስት ነገር ይጠይቁኛል፤ ስምሽን ንገሪኝ፣ ሁለቱንም እጅሽን አንሺ፣ ፈገግ በይ። ባነሳሁ ቁጥር አንዱ እጄ ይወርድ ይሆን ብዬ አየዋለሁ። ፈገግ ባልኩ ቁጥር እማዬ ከአልጋው ግርጌ አብራኝ ፈገግ ትላለች፤ እንባዋ ግን አያቆምም። አባባ ጠብታውን እያየ ይቆጥራል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስሜን ስጠራ ምላሴ ተያያዘብኝና ክፍሉ በሙሉ ቀጥ አለ።

«ምስጢር መኩሪያ» አልኩ እንደገና። «አፌ ደርቆ ነው። ውኃ።»

ቲና ጥላውን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አስደነገጥሽን፣ የግድግዳ ሰዓት» አለች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱን ነቀሉት። አልትራሳውንዱ ላይ የተያዘው ክንፍ ይንቀሳቀሳል፤ እስከ መጨረሻው ግን አይከፈትም። ዶክተሯ ለኦፕራሲዮን እንደማይቸኩሉ፣ በየሳምንቱ እንደሚያዩኝ ነገሩን። አሥር ቀን ተኝቼ ወጣሁ። የወጣሁ ዕለት የደሜ ቁጥር ሁለት ነጥብ ስምንት ነበር።

የነፍስ አባታችን የጾም ስለቴን በሌላ ለወጡልኝ። እማዬ ጎመን የምትሠራው እሁድ ብቻ ነው፤ ለእኔ አንድ ጭልፋ አፍ እኩል ሞልታ፣ ትርፉን በማንኪያ ቆርጣ ታወጣለች፤ ከዚያ ደብተሬ ላይ በራሷ እጅ ራይት ታደርጋለች። እትዬ ማሚቴ ሊጠይቁን መጥተው እስኪወጡ ድረስ መሬት መሬት ሲያዩ ነበር። ጥላው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። አባባ መቼ እናስገባው ሲላት «ስትድንልኝ ነው የተሳልኩት» አለች፤ «እሷ ለክታ ትንገረኝ፤ እኔ ከእንግዲህ በጆሮዬ አልፈርድም።»

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቲና ፍሪጁን ነቀለች፤ መስኮቱን ዘጋች። እማዬና አባባ በሩ ላይ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። በመጀመሪያ የእርሳሱን ፈተና አደረግን፤ ቲና ሰማንያ አራት ጊዜ መታች፣ እኔም የደም ሥሬ ላይ ሰማንያ አራት ቆጠርኩ። ከዚያ ሜትሩን ዘረጋን። አንደኛው አንድ ሜትር ከሠላሳ ዘጠኝ፣ ሁለተኛው አንድ ሜትር ከአርባ አራት፣ ሦስተኛው አንድ ሜትር ከአርባ አንድ ሆነ። መካከለኛውን ጻፍኩ፤ ከየካቲት 7ቱ ሃያ አንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳል።